‹‹ምንም የለብዎትም›› መልስ አይደለም

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት ለሕክምና ወደ እኔ መጡ። ዕድሜያቸው በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከተቀመጡ በኋላ ገና ሕመማቸውን ሳይነግሩኝ ከቦርሳቸው አንድ ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ውስጡ የላብራቶሪ ወረቀት፣ የአልትራሳውንድ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣና ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ ታጭቆበታል። አንድ በአንድ እያነሳን ስናየው በሦስት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ የአሜባ፣ አምስት ጊዜ ደግሞ የታይፎይድ መድኃኒት ወስደዋል። የጨጓራውን ቆጥረን አልጨረስነውም።

‹‹አሁን ምን ይሰማዎታል?›› አልኳቸው።

‹‹ሆዴ ይነፋል። ምግብ ከበላሁ በኋላ እምብርቴ አካባቢ ቁርጠት ይይዘኛል፤ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ቀለል ይለኛል። አንድ ሰሞን ያስቀምጠኛል፤ ሌላ ሰሞን ደግሞ ሦስት አራት ቀን ይደርቅብኛል። አውቶቡስ መሳፈር ትቻለሁ፤ መንገድ ላይ ቢይዘኝስ እያልኩ። የአክስቴ ለቅሶ እንኳ ክፍለ ሀገር ስለሆነ ሳልደርስ ቀረሁ›› አሉኝ። ቀጥለው የተናገሩት ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ‹‹በመጨረሻ የሄድኩበት ቦታ ምርመራው ሁሉ ነፃ ነው፣ ምንም የለብዎትም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አመመኝ ስል ቤተሰቤም አያምነኝም።››

እንዲህ ያለ ፌስታል ይዘው የሚመጡ ታካሚዎችን ደጋግሜ አያለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ያልተረጋገጠ የአሜባና የታይፎይድ መድኃኒት ደጋግሞ መስጠትም ሆነ ‹‹ምንም የለብዎትም›› ብሎ መሸኘት ሁለቱም ታካሚውን ይበድላሉ። ሕመሙ ስም አለው፤ መቆጣጠሪያ መንገድም አለው። መንገዱ የሚጀምረው ደግሞ በአብዛኛው ከፋርማሲ ሳይሆን ከገበታችን፣ ከዕለት ተዕለት ውሏችንና ከሐኪሙ ጆሮ ነው።

ስም ያለው ሕመም

ሕመሙ በሕክምናው ቋንቋ ኢሪተብል ባውል ሲንድረም፣ ባጭሩ አይ ቢ ኤስ ይባላል። በእኛ ቋንቋ ‹‹ቁጡ አንጀት›› ብንለው ጠባዩን ይገልጸዋል። ዛሬ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሮም 4 የተሰኘው ዓለም አቀፍ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። በመለኪያው መሠረት ሰውየውን ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን ሆዱን ሊያመው ይገባል። ሕመሙም ከሦስት ነገሮች ቢያንስ ሁለቱ ሊኖሩት ይገባል፤ እነዚህም ከመጸዳዳት ጋር መያያዙ፣ ሽንት ቤት የሚሄድበት ድግግሞሽ ሲለወጥ መምጣቱና የሰገራው ቅርጽ ሲለወጥ መምጣቱ ናቸው። ምልክቱ ከጀመረም ቢያንስ 6 ወር የሞላው መሆን አለበት።

ሕመሙ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነና በርካታ አገሮችን ባካተተ ጥናት፣ በዚሁ ጥብቅ መለኪያ ቢመዘኑ እንኳ በኢንተርኔት ከተጠየቁት ሰዎች 4 በመቶ ያህሉ አይ ቢ ኤስ እንዳለባቸው ታይቷል። በሴቶች ላይ ይበዛል።

ታዲያ ምርመራው ለምን ነፃ ይሆናል? የአንጀታችን ግድግዳ የራሱ የሆነ ሰፊ የነርቭ መረብ አለው። ይህ መረብ ከአንጎል ጋር ቀንና ሌሊት መልዕክት ይለዋወጣል። በአይ ቢ ኤስ የሚበላሸው ይህ የመልዕክት ልውውጥ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማውን ጥቂት ጋዝ ወይም የአንጀት መኮማተር የታካሚው ነርቭ እንደ ሕመም ይቀበለዋል። ሬዲዮው አልተሰበረም፤ ድምፁ ግን ከመጠን በላይ ተከፍቷል ማለት ነው። አልትራሳውንድም ሆነ ኮሎኖስኮፒ የአንጀትን ቅርጽ ያያሉ እንጂ የነርቭን ስሜት አያዩም። ስለዚህ ‹‹ውጤቱ ነፃ ነው›› ማለት ‹‹ቁስልና ዕጢ አላየንም›› ማለት ነው እንጂ ‹‹አያምህም›› ማለት አይደለም።

የሆድንና የስሜትን ትስስር አማርኛችን ቀድሞ ያውቀዋል። ስንጨነቅ አንጀታችን ይላወሳል፤ የሰው ችግር አንጀታችንን ይበላዋል፤ ቅሬታችንን አምቀን ስንይዝ ደግሞ ‹‹ሆድ ይፍጀው›› እንላለን። ይህ ግን ሕመሙ የሐሳብ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ጭንቀት የደም ግፊትን ሲጨምር ‹‹ግፊቱ የውሸት ነው›› እንደማንል ሁሉ፣ ጭንቀት ሆድን ሲያውክም ሕመሙ እውነተኛ ነው።

ሌላም መነሻ አለ፤ ያለፈ የአንጀት ኢንፌክሽን። እ.ኤ.አ. በ2004 በኖርዌይ የበርገን ከተማ የመጠጥ ውሃ በጃርዲያ ተበክሎ ብዙ ሰው ታሞ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች የታመሙትን ሲጠይቁ 46 በመቶ ያህሉ የአይ ቢ ኤስ ምልክት ነበራቸው። በጃርዲያ ካልተያዙት የከተማዋ ነዋሪዎች ግን ምልክቱ የታየባቸው 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ተውሳኩ ሄዶ የአንጀቱ ቁጣ ቀረ ማለት ነው። የአንጀት ተውሳክ በሚበዛበት እንደኛ ባለ አገር ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል። ታካሚው ‹‹አሜባው አልለቀቀኝም›› የሚለን አንዳንድ ጊዜ አሜባው ከለቀቀው በኋላ ነው።

የአሜባና የታይፎይድ አዙሪት

አሜባ፣ ጃርዲያና ታይፎይድ በአገራችን የሉም እያልኩ አይደለም። አሉ፤ ሲረጋገጡም በአግባቡ መታከም አለባቸው። ችግሩ ሆድ በታወከ ቁጥር ጥፋተኛ እነሱ ብቻ መደረጋቸው ነው።

በማይክሮስኮፕ የሚደረግ የሰገራ ምርመራ በሽታ አምጪውን አሜባ ምንም ጉዳት ከማያደርሰው ተመሳሳዩ መለየት አይችልም፤ ሁለቱም በመልክ አንድ ናቸው። ቀይ የደም ሴል የዋጠ አሜባ ከታየ ነገሩ ይለያል። ታይፎይድን ለመመርመር በብዛት የምንጠቀምበት ዊዳል የተሰኘው የደም ምርመራም ከዓመታት በፊት በነበረ ኢንፌክሽን ወይም በሌላ ባክቴሪያ ምክንያት ‹‹ፖዘቲቭ›› ሊል ይችላል። ትኩሳት የሌለው፣ ለሁለት ዓመት ሆዱ ሲነፋ የኖረ ሰው አንድ የዊዳል ወረቀት ስለያዘ ብቻ የታይፎይድ ታካሚ አይሆንም።

‹‹መድኃኒቱን ስወስድ ግን ለሁለት ሳምንት ተሽሎኝ ነበር›› የሚሉ ብዙ ናቸው። አይ ቢ ኤስ በባህሪው እየመጣ የሚሄድ ሕመም ነው። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ ሲብስበት ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ መለስ ማለቱ ነው። ምስጋናውን የሚወስደው ግን መድኃኒቱ ነው። በዚህ መሐል ኪስ ይራቆታል፤ ጠቃሚዎቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ይጎዳሉ፤ ጀርሞችም መድኃኒት ይላመዳሉ። የምር ታይፎይድ የመጣ ዕለት የሚያድነን መድኃኒት እንዳይኖር የምናደርገው እንዲህ ነው።

ይህን ስል ጣቴን ሌሎች ላይ ብቻ እየቀሰርኩ አይደለም። ደጅ ላይ ወረፋ ሲረዝም፣ ታካሚው ‹‹አንድ ነገር ይዘዙልኝ›› ሲል፣ የላብራቶሪ ወረቀቱም ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ማዘዣ መጻፍ ከማስረዳት ይቀላል። እኔም ያደረግኩት ጊዜ አለ።

መጀመሪያ መለየት ያለበት

ስለ ምግብ ከማውራታችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁሉም የሆድ ሕመም ቁጡ አንጀት አይደለም። የሚከተሉት ምልክቶች ያሉት ሰው ምግብ በመቀየር ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ሰገራ ላይ ደም ማየት ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆር፤ ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ፤ ትኩሳትና የሌሊት ላብ፤ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ወይም ሕመም፤ የደም ማነስ፤ የማያቋርጥ ትውከት፤ ሆድ ላይ የሚዳሰስ እብጠት፤ ከ50 ዓመት ዕድሜ ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ የአንጀት ጠባይ ለውጥ፤ በቅርብ ቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር መኖር። ከእነዚህ ምልክቶች ጀርባ የአንጀት ካንሰር፣ የአንጀት ቁስለት በሽታ ወይም በአገራችን ሊዘነጋ የማይገባው የአንጀት ቲቢ ሊኖር ይችላል። ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ላይ አዲስ የመጣ የሆድ መነፋት ከማኅፀን እንቁልጢ ጋር የተያያዘ ችግር ሊሆን ስለሚችል በቸልታ አይታለፍ።

እነዚህ ከሌሉና መሠረታዊ ምርመራዎች ደህና ከሆኑ ምርመራን መደጋገም ጭንቀት ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የለውም። ያኔ ጊዜው ገበታችንን የምንመለከትበት ነው።

ገበታችንን ስንፈትሽ

በአውስትራሊያ ሜልቦርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ‹‹ፎድማፕ›› የሚል ስም ያወጡላቸው የስኳር ዓይነቶች አሉ። እነዚህ ስኳሮች በትንሹ አንጀት በደንብ አይመጠጡም። ውሃ ወደ አንጀት ይስባሉ፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱም ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ጋዝ ይፈጥራሉ። ለጤነኛ ሰው ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ድምፁ ከመጠን በላይ ለተከፈተ አንጀት ግን መነፋትና ቁርጠት ይሆናል።

በእኛ ገበታ ላይ እነዚህ ስኳሮች በብዛት የሚገኙት ቀይና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ፣ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ውስጥ፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ እንዲሁም ወተት፣ ማር፣ ማንጎና ፖም ውስጥ ነው። ሽሮን ያሰበ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ የጥራጥሬ ዱቄት በሁለቱም ሽንኩርት ተቁላልቶ የሚሠራ ነውና። ዶሮ ወጥም ቢሆን ያለ ብዙ ሽንኩርት አይሆንም። ‹‹ሥጋ አይስማማኝም›› የሚል ሰው አንዳንድ ጊዜ ሊከስ የሚገባው ሥጋውን ሳይሆን ቁሌቱን ነው።

ታካሚዬን ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚወስዱ ስጠይቃቸው ‹‹ለሆዴ ብዬ ነጭ ሽንኩርት በማር›› አሉኝ። ጎረቤት መክሯቸው ከዓመት በላይ በየቀኑ በባዶ ሆድ ወስደዋል። ነጭ ሽንኩርት በፍሩክታን፣ ማር ደግሞ በፍሩክቶስ የበለጸገ ነው፤ ሁለቱም ፎድማፕ ናቸው። እኚህ እናት መድኃኒት ነው ብለው የወሰዱት ነገር የሚሸሹትን ቁርጠት ሳያመጣባቸው አልቀረም።

ታዲያ ሁሉንም እንተው? አይደለም። የሚበጀው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

በመጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ደብተር ይያዙ። የበሉትን፣ የበሉበትን ሰዓት፣ የሕመሙን ሰዓት፣ የዕለቱን እንቅልፍና ጭንቀት ይጻፉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ደብተሩ ላይ ይገኛል።

ቀጥሎ ቀላሉን ያስተካክሉ። ምግብ ሳይዘሉ በሰዓቱ፣ በመጠኑና አላምጠው ይብሉ። ቀኑን ሙሉ ሳይቀምሱ ውለው ማታ አንድ ትሪ ማንሳት ለቁጡ አንጀት ከባድ ፈተና ነው። ቡና የትልቁን አንጀት እንቅስቃሴ ያነሳሳል፤ የቡናውን ወግ ሳይተዉ አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካውን ማለፍ ይቻላል። በርበሬና ሚጥማጣ የሕመም ነርቮችን ስለሚቀሰቅሱ አልጫውን ለጥቂት ሳምንት መሞከር ተገቢ ነው። ለስላሳ መጠጥና ስኳር አልባ ማስቲካም ሆድ ይነፋሉ። ጫት ደግሞ ድርቀትን ያባብሳል።

ይህ ካልበቃ በሦስተኛ ደረጃ ፎድማፕ የሚበዛባቸውን ምግቦች ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቀንሶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያውክ መለየት ነው። ይህ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አመጋገብ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሁሉንም መተው ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ይቀንሳል፤ ሰውነትንም ያጎድላል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ክብደታቸው ለቀነሰ ሰዎች ያለ ባለሙያ ክትትል አይመከርም። ስንዴ ከማቆምዎ በፊትም ሴሊያክ ለተባለው የግሉተን በሽታ መመርመር እንደሚያስፈልግ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ስንዴ ካቆሙ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ሊያሳስት ይችላልና። የጤፍ እንጀራ ግሉተን የለውም፤ ነገር ግን የምንገዛው እንጀራ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት የተቀላቀለ ሊሆን እንደሚችል እናስታውስ።

ወጥ ቤት ውስጥ የሚረዱ ዘዴዎችም አሉ። ምስርን፣ ሽምብራንና ባቄላን አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበትንም የተቀቀለበትንም ውሃ መድፋት የሚነፋውን ስኳር ይቀንሳል። የነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ፍሬውን ሳይከትፉ ዘይት ውስጥ አሙቀው ጠረኑ ሲወጣ ፍሬውን አውጥቶ መጣል ይቻላል፤ ዘይቱን ግን ለዕለቱ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ማስቀመጥ ለምግብ መመረዝ ያጋልጣል። በቀይ ሽንኩርት ፋንታ የባሮ ሽንኩርትን አረንጓዴ ቅጠል መጠቀም ይቻላል። ወተት የሚያውከው ሰው አይብና ንጥር ቅቤ ሊስማሙት ይችላሉ፤ በውስጣቸው ያለው የወተት ስኳር አነስተኛ ነው።

በጾም ወቅት

‹‹ዶክተር፣ ጾም ልተው?›› የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሽሮና ምስር ዋና ምግብ ናቸው፤ የፕሮቲን ምንጭም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ‹‹ጥራጥሬ አትብሉ›› ብሎ መሸኘት ጥሩ ምክር አይደለም። እኔ የምመክረው ሽሮውን በየቀኑና በብዛት ከመብላት ይልቅ መጠኑን ቀንሶ ከድንች፣ ከካሮት፣ ከጎመን፣ ከሩዝ፣ ከሱፍ ፍትፍትና ከለውዝ ጋር ማፈራረቅ ነው። ጾሙ የሚፈታበት ሰዓት ሲደርስም በጥቂቱ ጀምሮ ሌላውን ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ መመገብ ይሻላል። በረመዳንም እንዲሁ ነው። ማፍጠሪያ ላይ ብዙ ተምር፣ ጥብስና ለስላሳ በአንድ ጊዜ መውሰድ ሆድን ያውካል። ሕመሙ የጸና ሰው ከሐኪሙ በተጨማሪ የሃይማኖት አባቱን ቢያማክር መልካም ነው።

ከመድኃኒት ጎን ያሉ ሕክምናዎች

እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ‹‹የባህል›› የሚባለውን ሁሉ እናጣጥላለን። ታካሚውም ይፈራንና የወሰደውን ይደብቀናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ የወሰደውን የደበቀም አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ የሚሆነውንና የማይሆነውን ለይተን እንነጋገር።

ተልባ ከአያቶቻችን የወረስነው ጥሩ ነገር ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም መነፋትና ጋዝ ላለባቸው የአይ ቢ ኤስ ታካሚዎች በቀን እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ ተልባ እንዲሁም አጃ ሊረዳ እንደሚችል ይጠቅሳል። ተልባ በቂ ውሃ ይፈልጋል፤ በትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። ከመድኃኒት ጋር በአንድ ሰዓት መውሰድ ግን አይመከርም፤ የመድኃኒቱን መመጠጥ ሊያዘገይ ይችላልና።

የፔፐርሚንት ዘይት፣ አንጀት ሲደርስ በሚሟሟ ካፕሱል ሲሰጥ፣ ቁርጠትን እንደሚያስታግስ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ናና ከዚህ ካፕሱል ጋር እኩል ባይሆንም ብዙዎችን ያረጋጋል። ቃር ያለበት ሰው ግን ሊብስበት ስለሚችል ይጠንቀቅ። ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ ይረዳል፤ ለአይ ቢ ኤስ ያለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው።

የአካል እንቅስቃሴን እንደ ሕክምና እቆጥረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 በስዊድን በወጣ ጥናት ለ12 ሳምንት እንቅስቃሴያቸውን የጨመሩ ታካሚዎች ካልጨመሩት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ ለብዙ ሰው የሚቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ከማንቸስተር የወጣ ጥናት ደግሞ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ ሂፕኖቴራፒ ከባድ አይ ቢ ኤስ እንደሚያሻሽል አመልክቷል፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ጥናቶች ደግፈውታል። ይህ ሕክምና በአገራችን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። በቀን አሥር ደቂቃ በዝግታ ከሆድ መተንፈስ፣ በቂ እንቅልፍና የልብን ለሚያምኑት ሰው ማጫወት ግን ገንዘብ አይጠይቁም።

የማልደግፋቸውም አሉ። ‹‹አንጀት ማጽጃ›› እየተባለ የሚሸጥ ሻይ ብዙ ጊዜ ሰናመኪ ያለበት ነው። ሰናመኪ ለአጭር ጊዜ ድርቀት ይጠቅማል፤ በየቀኑ ለ‹‹ጽዳት›› መጠጣት ግን ውሃና ጨው ከሰውነት ያሟጥጣል። ኮሶና እንቆቆ ለኮሶ ትል እንጂ ለቁጡ አንጀት አይደሉም፤ መጠናቸው ያልታወቀ በመሆኑም ይጎዳሉ። የአንጀት እጥበትም ጥቅሙ አልተረጋገጠም። አኩፓንቸርም ከማስመሰያው የተሻለ ውጤት እንዳላሳየ ጥናቶችን የገመገመው የኮክሬን ትንተና እ.ኤ.አ. በ2012 ደምድሟል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው በእምነቱ ይጽና፤ የሐኪም መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ምግብና የአኗኗር ለውጥ ላልበቃው ሰው መድኃኒትም አለ። ቁርጠት፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት የሚያስታግሱትን ሐኪም ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ በአጠቃላይ ሐኪሞች ዘንድ የተካሄደ ጥናት በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ አሚትሪፕቲሊን እንደሚረዳ አሳይቷል። መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ለድብርት የሚሰጥ ስለሆነ ታካሚው ‹‹አእምሮዬን ነው ያሉት?›› እንዳይል ለምን እንደታዘዘለት ማስረዳት የእኛ ግዴታ ነው።

የማዳመጥ ጉልበት

እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ በ262 የአይ ቢ ኤስ ታካሚዎች ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ታካሚዎቹ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛዎቹ ተራ ብቻ ጠበቁ። ሁለተኛዎቹ እምብዛም ሳያነጋግሯቸው የማስመሰያ አኩፓንቸር ተደረገላቸው። ሦስተኛዎቹ ያንኑ ማስመሰያ ያገኙት ጊዜ ሰጥቶ በአክብሮት ከሚያዳምጣቸው ባለሙያ ነበር። ከ3 ሳምንት በኋላ በቂ እፎይታ ያገኙት ከመጀመሪያዎቹ 28 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 44 በመቶ፣ ከሦስተኛዎቹ 62 በመቶ ነበሩ። መርፌው የማስመሰያ ነበር፤ ማዳመጡ ግን የምር ነበር።

ለዚህ ነው የሥራ ባልደረቦቼን የምጠይቀው። ‹‹ምንም የለብዎትም›› ከማለት ይልቅ ‹‹አደገኛ ነገር አላገኘንም፤ ያለብዎት ግን እውነተኛ ሕመም ነው፤ ስሙም ይህ ነው፤ አብረን እንቆጣጠረዋለን›› ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የጤና ተቋማትም የሥነ ምግብ ባለሙያዎቻቸውን የተጎዱ ሕፃናትን ከማከም ባሻገር እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን እንዲያማክሩ ቢያደርጉ ስንት አላስፈላጊ ማዘዣ ይቀር ነበር።

እኚያ እናት ሁለተኛ ሲመጡ ባለቤታቸውን ይዘው እንዲመጡ ጠየቅኳቸውና ሕመሙን ለሁለቱም አስረዳሁ። ባለቤታቸው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው ‹‹እኔ እኮ ሰበብ መስሎኝ ነበር›› አሉ። ነጭ ሽንኩርት በማሩ ቆመ፤ ቡናው አንድ ሲኒ ሆነ፤ ሽሮው አልቀረም፤ ግን ተቀነሰ። ከሦስት ወር በኋላ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ፈጽሞ አልዳኑም፤ አሁንም የሚከፋባቸው ቀን አለ። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ ውስጥ የአሜባም የታይፎይድም መድኃኒት አልወሰዱም። የአክስታቸው ተዝካር ሲደርስም በአውቶቡስ ሄደው ተመልሰዋል።

እርስዎም እንዲህ ያለ ፌስታል ቤትዎ ካለ አይጣሉት። ይዘውት ወደ አንድ ሐኪም ይሂዱና ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩት። የሚጠጡትን የቤት መድኃኒትም አይደብቁት።